አንድ ይቀርብሻል

ሰማንያ ሦስት ተማሪ፣ ስድስት ክፍል፣ አንድ ደወል፤
ከግቢው አጥር በታች የፍሎሬስ ባሕር ይዘላል፤
ዛሬ የውጤት ቀን ነው፤ ወላጅ ሁሉ ተጠርቷል።

እኔም መጣሁ ከገበያ፣ ዓሣ ዓሣ እየሸተትሁ፣
እጄን ሦስቴ በሎሚ፣ ሦስቴ ባመድ እየፈተግሁ፤
ከኋላ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ድሮ ቦታዬ ተቀመጥሁ።

ያው አግዳሚ ነው፤ እግሩ አጥሮ ድንጋይ የተደገፈበት፣
የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት በምስማር ስሜን የጫርሁበት።
«ክሬሴን» ይላል፤ ቀሪውን ለመጨረስ ጊዜ አልነበረኝ፤
በሁለተኛው ዓመት፣ መቶ ሰባ ኮኮናት ጎድሎብኝ፣
አባቴ በጓሮ በር መጥቶ ሰው ሳያይ ወሰደኝ።

ያኔ የትምህርት ክፍያ በኮኮናት ነበር፤
ሲስተር ዊልሄልሚና ከደጅ ቆማ ስትቆጥር
እያንዳንዱን ከጆሮዋ ሥር ነቅንቃ፣
ውኃው ካልጮኸ ትመልሳለች፦ «ይኼ ባዶ ነው፤ በቃ።»
«ሲስተር ሚዛን» እንላት ነበር፣ ዞር ስትል፣ ከኋላዋ፤
ማታ መብራት ሲጠፋ ግን፣ ለጥናታችን ፋኖስ ይዛ
እንቅልፍ እስኪጥለን የምትቆም እሷ ነበረች፣ ብቻዋ።

የሎዶቪኩስ ሚስት ከፊቴ ታቃስታለች፤
«ልጄ ጸሎቱን በላቲን ይወጣዋል፤ ሒሳብ ነው ጠላቱ» ትላለች።
ጀልባ ነጂው ሔርማኑስ ቆቡን ጭኑ ላይ ይጠመዝዛል፤
«ልጄ እዚህ ከገባች ወዲህ አበላሌን ታርማለች፤
የሚያናድደኝ ትክክል መሆኗ ነው» ይላል።

አንዲት እናት ዝም ብላለች። የሷ ልጅ ባለፈው ወር
ማሌዥያ ተሻገረ፣ የዘንባባ እርሻ ሊያድር።
መምህሩ ስሙን አልሰረዘም፤ በየማለዳው ይጠራዋል፣
ዝምታውን ያዳምጣል፣
«ቀሪ» ብሎ ይጽፋል።

«ማርሴሊኑስ!» ልጄ ብድግ አለ።
ከአሥራ አራት ስድስተኛ። ሒሳብ፦ መልካም። ዝማሬ፦ ይታገሡት።
ጠባይ፦ «ይከራከራል»፤ ከሥሩ በቀይ ተሰምሮበት።
ልጄ እኔን አየ፤ እኔ መስኮቱን አየሁ።
ያን ጠባይ ከማን እንደወረሰ ልነግረው ነው? ዝም አልሁ።

ደጅ ላይ ጋሪ አቁሜያለሁ፤ መቶ ሰባ፣ በቁጥር፣
ከአባቴ ዛፎች የወረደ፣ ከባሕሩ ዳር።
ወጣቱ ገንዘብ ያዥ መነጽሩን አወለቀ፦
«እናቴ፣ ይህ ዕዳ እኮ ድሮ ቀረ፤ መዝገቡም አለቀ፤
አሁን ክፍያ በባንክ ነው፤ ለኮኮናት ዓምድ የለንም።»
«ዕዳ ግን አለብኝ» አልሁ፤ «ስለ ዓምዱ አላውቅም።»

ሲስተር ዊልሄልሚናን ከጥላው ሥር አመጧት፣
በሰማንያ ሰባት ዓመቷ፣ ሁለት ልጆች ደግፈዋት።
ስሜን ነገርኋት። «ክሬሴን…» አለች፤ ቀሪውን እሷም አልጨረሰችው።
አንዱን ኮኮናት አነሣች፣ ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው፣
ነቀነቀችው። አልሰማችም፤ ጆሮዋ ድሮ ሄዷል።
ለልጄ ሰጠችው፦ «አንተ ስማልኝ፤ ውኃው ይናገራል?»

ጀንበር ባሕሩን እስክትነካ ቆጠሩ፣ አንድ በአንድ፤
ወላጆቹም አልሄዱም፤ ማን ይሄዳል ትቶ እንዲህ ያለ ጉድ!
መጨረሻው ላይ ልጄ አመነታ፤ እኔን አየ፤
እኔ ዓይኔን ሰበርሁ፤ እሱ ግን እውነቱን ለየ።
«ባዶ ነው፣ ሲስተር» አለ። እሷም ራሷን ነቀነቀች፣
ያን ኮኮናት መልሳ ክንዴ ላይ አስቀመጠች፦
«መቶ ስልሳ ዘጠኝ።
አንድ ይቀርብሻል፣ ክሬሴን።»

ቁልቁለቱን ወረድን፤ እሱ ዝም፣ እኔ ዝም፤
ባዶው ጭኔ ላይ ነው፤ አልጣልሁትም።
«ተናደድሽብኝ?» አለኝ ድልድዩ ጋ ስንደርስ።
«ጠባይ፦ ይከራከራል» አልሁት። ሳቅን፣ ወደቡ ድረስ።

አንድ ይዤ እመለሳለሁ፤
ግን ነገ አይደለም፤ አልቸኩልም፤
እስካልከፈልሁ ድረስ ስሜ ከዚያ ቤት አይሰረዝም።