ማካሮኒ ባዶውን

እናቴ ለመንገድ የያዘችው ሦስት ነገር ነው፤
ሹራብ፣ ጃንጥላ፣ አንድ ሰሃን።
ሰሃኑ ፕላስቲክ ነው፣ ሰማያዊ፣ ጠርዙ የተነከሰ፣
ከድሬ እስከ ሱሉልታ በፌስታል ተጠቅልሎ የደረሰ።

ወንድሜ እዮስያስ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው።
ማካሮኒ ይበላል። ባዶውን።
ስጎ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ቃሪያ የለ፣
አንዱ ካንዱ ሳይጣበቅ፣ ለየራሱ እንደዋለ።
ሲበላ ይቆጥራል፣ በሆዱ። ስንት እንደሆነ አይነግረንም፤
እኛም አንጠይቅም።

ጋሽ ድሪባ የአክስቴ ባል ነው፤ የሱሉልታ ሰው፣
እንግዳ ሳይጋብዝ እንቅልፍ የማይወስደው።
«የነገ እራት በኔ ነው» አለ። «ከመንገዱ ማዶ
ጥብስ ቤት አለ፤ እዚያ የገባ አይወጣም ሆዱን ይዞ ባዶ።»
እናቴ «ባዶ» ስትሰማ ቀና አለች፣
ሰሃኗን አሰበች።

ቤቱ ረጅም ነው፤ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደልቃል፣
(ዝናብ አይከፋውም፤ ዝናብ ይወዳል)
የወተት መኪና ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣
ከጀርባችን ኳስ የሚያይ ጠረጴዛ ይስቃል።

አስተናጋጇ ትርሲት፣ እስክሪብቶዋን ጆሮዋ ላይ ሰክታ፦
«ምን ልታዘዝ?»
«ጥብስ ለአምስት፣ አንድ ማካሮኒ።»
«በስጎ?»
«ባዶውን።»
«በቅቤ?»
«ባዶውን።»
«ጾመኛ ነው? ዛሬ ሐሙስ አይደል?»
«አይደለም፣ አይጾምም።»
«ታሞ ነው?»
«አልታመመም።»
ከዚያ ወዲያ ያለኝ መልስ ረጅም ነው፣
በዚያች ቁራጭ ወረቀት የማያልቅ ነው።

መጣ። ነጭ፣ የሚተን፣ ልክ እንደታዘዘው፤
አናቱ ላይ ግን አንዲት ቃሪያ፣ ለጌጥ፣ ቆማ እንደ ሰው።
ሌላው ሰው ቃሪያ ያያል። እዮስያስ የሚያየው
አረንጓዴ ጩኸት ነው።
ሰሃኑን ገፋ። ከወገቡ መወዛወዝ ጀመረ።
ቃሪያዋን አነሳሁ፤ ቦታዋ ግን ቀረ።

ጋሽ ድሪባ ደግ ነው፤ ደግነቱም በእጁ ነው።
ጥብሱን በእንጀራ ጠቀለለ፣ ጡጫ አሳከለ፣
«በሞቴ! እኔን ቅበረኝ! አንዲት ብቻ!» እያለ
ወደ ወንድሜ አፍ ዘረጋ።
አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል ይባላል፤
ዜሮ ምን እንደሚያደርግ የነገረን የለም።
እዮስያስ አፉን ዘጋ፣ ዓይኑን ዘጋ፣ ጆሮውን ያዘ፤
ጉርሻው አየር ላይ ቆመ፣
ቅባቱ በጋሽ ድሪባ ክንድ ወርዶ እጅጌው ውስጥ ገባ።
ከጀርባ ሳቁ ጸጥ አለ። «ቅብጠት ነው» አለ አንዱ።
«የኔ ቢሆን...» አለ ሌላው።

አፈርኩ። እዚህ ላይ እጽፈዋለሁ።
በሰዎቹ ነው ያፈርኩት እንዳልል፣ በወንድሜ ነው፤ አውቀዋለሁ።

መብራት ሄደ።
ከጓሮ ጄኔሬተሩ እያጓራ ተነሳ፤
ወንድሜ ጠረጴዛ ሥር ገባ።

ትርሲት ጎንበስ ብላ አየችው። አንድም ነገር አልጠየቀች።
ወጣች።
ጄኔሬተሩ ተንተፋተፈና ዝም አለ።
«ኧረ ኳሱ!» አለ የጀርባው ጠረጴዛ።
«ናፍጣ አልቋል» አለች ከጨለማው።
(አላለቀም። ስንወጣ ጀሪካኑን አይቼዋለሁ፤
እስከ አፉ ሙሉ ነው።)

በአንድ ሻማ መጣች። ከእናቴ እጅ ሰማያዊውን ሰሃን ወስዳ
ሄደች፣ ቆየች፣ ተመለሰች፤
ጠረጴዛው ላይ አላኖረችውም፣
በወለሉ በቀስታ ወደ ጉልበቱ ገፋችው እንጂ።

ዝናቡን እንሰማለን። ከዝናቡ ሥር ደግሞ
አንድ ድምፅ፣ ጎርናና፣ ከእናቴ በቀር ብዙ ሰው የማያውቀው፦
«ዘጠኝ። አሥር። አሥራ አንድ።»
የጀርባው ጠረጴዛ ሹክሹክታውን አቆመ።
«ሃያ ስድስት።»

ጋሽ ድሪባ ያቺን ጉርሻ እስካሁን ይዟት ኖሯል፤
ቀዝቅዛለች፣ ቅባቷ ረግቷል።
ዞር ብሎ፣ ምንም ሳይል፣ እናቴን አጎረሳት።
እሷም፣ ከጠዋት ጀምሮ ያልበላች፣
በጨለማ አላመጠች።

አርባ ሰባት ላይ ቆመ።
ሰሃኑ ላይ ተርፎ ነበር፤ ቢሆንም ቆመ።
ስንት ዓመት ሙሉ ጨርስ ስንለው ኖርን።
ነገ ለአክስቴ እነግራታለሁ፦
አርባ ሰባት ነው። ቆጥረሽ ቀቅይ።