ማካፈል

ኮቱን ላጥብ ብዬ ኪሱን ስፈትሸው፣
ስባሪ ጠመኔ፣ ጣቱ ያሟሸው፤
በሌላው ከረሜላ፣ አንዲት ብቻ፣ ደርቃ፣
ከነወረቀቷ ከገበር ተጣብቃ።

ውጫሌ ትምህርት ቤት፣ አራተኛ «ለ» ክፍል፣
ከአሥር አራት ሰጠኝ «ልጄ ናት» ሳይል።
ማታ በኩራዝ ፊት አጠገቤ ቁጭ ብሎ፣
ማካፈል አስጠናኝ ሽንብራ ደልድሎ፤
ነጥቡን ግን አልነካም። እናቴ ብትቆጣ፣
«ተያት ዘይነብ» አለ፣ «ነገ ራሷ ታምጣ።»

ወንዶቹ ከቀብር ሲመጡ ነገሩን፤
የመርሳው ሹፌር አሉ፣ ሽበት ወርሮ ጠጉሩን፣
እንደ ልጅነቱ እጁን አወጣና፣
«ጋሽ አሊጋዝ» ብሎ፣ ዝም አለ እንደገና።

ኮቱ አልታጠበም።
እኛ አምስት ነን አባ፣ ከረሜላዋ አንዲት፤
አላስጠናኸኝም ይቺኛዋን ስሌት።