የሙሄ ሽቦ

ይህ ልብስ የማሰጣበት፣ ጥቁር ወፍራም ገመድ፣
ከሙሄ ጣራ ተነሥቶ፣ በግቢያችን አልፎ፣ ቁልቁል የሚወርድ፣
ለካልሲ ማድረቂያ አልነበረም ጥንቱን፤
አርባ ሦስት ቤት ነበር በሱ የሚያነጋው ሌሊቱን።

ከሱ በፊት ሆጤ አንድ ቴሌቪዥን ነበራት፣
ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ በሳንቃ ሣጥን የቆለፉባት፤
ቁልፉ በጋሽ እንድሪስ አንገት እንደ ክታብ ታስሮ፣
ዜና ሲደርስ ይፈታል፣ ሕዝቡ ባግዳሚ ተደርድሮ።
አንቴናው ጣራ ላይ፤ አንድ ልጅ ጣራ ላይ፤
«ገባ?»
«አልገባም!»
«አሁንስ?»
«ወደ ጦሳ አዙረው! ኧረ ወደ አዝዋ! ቆይ! እንዳትነካው!»
ስንል ገና፣ ጉሙ ከተራራው ወርዶ
ዜና አንባቢውን ከነክራቫቱ ዋጠው።

ሙሄ ራዲዮ ጠጋኙ፣ በስታኞ የጠቆረ ጣቱ፣
ከኮምቦልቻ ባይሱዙ፣ ሐረጎን እያቃሰተ ዳገቱን፣
የወንፊት እናት የሚያህል ብረት አመጣ፣ በገመድ አሥሮ።
ሰው ሳቀ። «ዝናብ ሊያጠራቅም ነው?» አለ ያላየ ካየው ጋራ፤
እትዬ ብርቄማ፣ «ሙሄ ከሰማይ ሊለምን
ሣህን ሰቀለ ከጣራ!»
ሰማዩም አልነፈገው።

ከአንድ ዲሽ፣ ከአንድ ሪሲቨር፣ ሽቦውን እንደ ሐረግ ስቦ፣
ከባሕር ዛፉ አንጠልጥሎ፣ ባጥር ባጥሩ ሰብስቦ፣
በወር ሠላሳ ብር፤ ያጣ በዱቤ፤ ለመበለት በነፃ፤
ብቻ አንድ ነገር ነበረ፦ ሪሞቱ ከሙሄ እጅ አይወጣ።
ሙሄ ኳስ ካየ፣ ሆጤ ኳስ ያያል፤
ሙሄ ካዛጋ፣ ሆጤ ይተኛል።
አንድ ማታ የሕንዱ ጀግና ጥይት በልቶ ሲያጣጥር፣
ቀየረው ወደ ኳስ፤ ዘምዘም ወጣች በባዶ እግር፣
ጣራውን በድንጋይ፦ «መልሰው! ሞተ ወይስ ዳነ?»
በመስኮቱ ብቅ ብሎ፦ «ዳነ! ተኚ! ዳነ!»
እንደሞተ የሰማነው ከዓመት በኋላ ነው።

ግን ሌላም ነበረው።
ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት፣ ሙሄ ሪሲቨሩን ያጠፋል፤
አርባ ሦስት መስኮት ባንድ ትንፋሽ ይጨልማል።
የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ ገና ጫማውን ሲያጠልቅ፣
እኛ ነጠላ አዘቅዝቀን፣ በባትሪ ዳገቱን ስንዘልቅ፣
«ማን ነው? ከማን ቤት ነው?» እስላሙም ክርስቲያኑም።
ሦስት ቀን ሣጥኑ ዝም። ቢከፍቱትም
ጉንዳን ነው፣ ነጭ ጉንዳን፣ የሚርመሰመሰው።

ከዚያ ዲሽ ረከሰ። ከበግ ዋጋ በታች ወረደ።
መጀመሪያ ዘምዘም፣ እኅቷ ከቤሩት በላከችው፤
ቀጥሎ ጋሽ እንድሪስ፤ ቀጥሎ ሰፈሩ እንደ ሰደድ ነደደ።
እኔም ተራዬ ደረሰ። ሽቦውን በካራ ስቆርጠው፣
ሙሄ በመንገድ ሲያልፍ አየኝ። ቆመ።
«በደንብ ጠቅልይና አስቀምጪው፤ አንድ ቀን ይጠቅምሻል።»
ሌላ አልጨመረም፤
የጠቆረ ጣቱን ኪሱ ከቶ ሄደ።

ዛሬ ከጦሳ ወገብ ቁልቁል ላየ፣ ደሴ ሣህን በሣህን ናት፣
ሁሉም እንደ ሱፍ አበባ ወዳንድ ወገን ያንጋጠጠባት።
ከሥሩ ግን አንዱ ቤት ጎል ሲል፣ አንዱ በቱርክ ፊልም ያለቅሳል፤
ጎረቤት ጎረቤቱን በግድግዳ ይገምታል።

ሙሄ የሞተ ማታ፣ አምና፣ ኅዳር፣ ማክሰኞ፣
አንድም መስኮት አልጨለመ።
እኔ ተከታታዩን ፊልም ጨርሼ ተኛሁ።
ጠዋት ጡሩምባ ሲነፋ
አንሶላ እያሰጣሁ ነበር፣
በሱ ሽቦ ላይ።

ትናንት ደግሞ መብራት ጠፋ።
ከሆጤ እስከ ሰኞ ገበያ፣ ድርግም።
በር ተንኳኳ፣ በር ተከፈተ፤ ሰው ስልኩን እያበራ ወጣ፤
ዘጠና የሞላቸው እትዬ ብርቄ፣
ከዘራቸውን ደጃፋቸው ላይ ተክለው፣
ወደ ጨለማው ጮኹ፦
«ሙሄ!
ማን ሞተ?»