ሦስት ነጥብ

መርከበኞች ሁሉ መልሕቅ ሲነቀሱ፣
ኤይሊፍ መርፌ ፈርቶ ይቀር ነበር እሱ።
ዛሬ በሰባ አንዱ፣ በርገን ሆስፒታል፣
ሦስት ብርጭቆ ውኃ ጠጥቶ ይጠብቃል።

ሌሊት አምስት ጊዜ የሚቀሰቅሰው ፊኛ
ሞልቶ ይቆይ አሉ፣ ሲቲ ስካን እስኪነሣ።
አራት ሽማግሌዎች እግር አነባብረው፤
ውጭ ዝናቡ ከአሸንዳው ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ…
መስኮቱን የሚያይ የለም።

ከዚያ ነርሷ ነቀሰችው፣ ጨረሩ ፕሮስቴቱን እንዳይስት፦
ከእምብርቱ ሥር አንድ፣ በዳሌው ግራና ቀኝ፣
የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ሰማያዊ ነጥብ።
«አለቀ» ስትለው አፈረ።

ማታ ጉንቮር መነጽሯን አድርጋ ፈለገች።
«ይቺ ናት?»
«እሷ ናት።»
ጣቷ ወደ ጎን ሄደ።
«ይቺኛዋ ግን የቆየች ናት፣
ከሠርጋችን ጀምሮ አውቃታለሁ።»
እሱ እስከ ዛሬ አላያትም ነበር።