ሁለት ጣት

«ሁለት ጣት ብቻ» አልኩት፣ «ከዚያ አይበልጥም።»
ሊዮኔል ሳቀ። የእህቴ ልጅ ትንሽ የሚባል አያውቅም።
እሱ የሚያምረው መሬት የሚልስ መኪና፣
እሑድ እሑድ በኤስፓኞላ ጎዳና
እንደ ጠገበ ድመት ሆዱን እየጎተተ
የሚያልፍ፣ ሰው ሁሉ ከበሩ እየወጣ እያየው።
እኔ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ነኝ።
ከሪዮ ግራንዴ ድልድይ እስከ ደጃችን
ዐሥራ ሰባት ጉድጓድ አለ፤ ሁሉንም በጠባዩ አውቀዋለሁ።

አፍንጫዋን ሽቅብ የሰቀለባት ወንድሜ ቤላርሚኖ ነው፣
ከተራራ ማገዶ ሊያወርድባት።
እሱ ከሄደ ወዲህ ማገዶ የሚያወርድ የለም፤
ፒክአፗ ግን ስሟን የጠሯት ይመስል
እስከ ዛሬ ሽቅብ ታያለች።
ጎማዋ በውጭ ጠርዙ ተበልቷል፣
እናቴ ልትሳፈር ስትል ጉልበቷን ትይዛለች።

ክሪኩን አስገባን፣ ከሥሯ ግንድ ደገፍን።
ሊዮኔል በጀርባው ገብቶ «አክስቴ፣ ዳዶው ዝጓል» አለ።
ዘይት ረጨን። ጠበቅን። የመስኖው ውኃ
ከአጥሩ ሥር ሲሄድ ይሰማል።
ቁልፍ፣ ከዚያ በቁልፉ እጀታ ላይ ቧንቧ፣
ከዚያ እናቱ ፊት የማይደፍረው ስድብ፣
ከዚያ ብረቱ ጮኸ።

ይህች መኪና ፊቷ ላይ ሞላ የላትም፤
የሚሸከማት ከሰው ክንድ የረዘመ
በራሱ ላይ የተጠመዘዘ ብረት ነው።
ቡሎኑን ስታላላው ጥምዙ ይረግባል፣
ቂሙን እንደተወ ሰው ትከሻዋ ይወርዳል።
ግራ አራት ዙር፣ ቀኝ አራት ዙር፣ ጮክ ብለን ቆጠርን።
አወረድናት፣ ናጥናት፣ ወደፊት ወደኋላ ገፋናት፣
ከጎማው እንብርት እስከ ፓራፋንጎው ከንፈር በሜትር ለካን።
ግራው በግማሽ ጣት ዝቅ ብሏል።

«ቆጠራ ስተሃል።»
አልሳተም።
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤላርሚኖ ብቻውን
በግራ ወንበር ተቀምጦ ነድቷታል።
ብረት ያስታውሳል አልልም፣ ብረት ምን ያውቃል፤
በሱ ልክ ተኝቷል፣ ያ ነው።

«የሚለካው ሰው ተቀምጦበት ነው» አለ ልጁ ድምፁን አሳንሶ፣
«አጎቴ ስንት ኪሎ ነበር?»
ሳጥኑን ስድስት ሰው ነው ያነሳው፣ ሌላ ሚዛን አላውቅም።
ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ አምጥተን ወንበሩ ላይ አቆምን፣
ቀበቶ አሰርንላቸው፣ ሳቅን።
ከዚያ ለካን። ስንለካ አልሳቅንም።
ቀኙን ግራው እስኪደርስ አወረድነው።

በማግስቱ ባለኳሶቹን ልጆች ከአልቡከርኪ መልሼ
ማታ በአራት ሰዓት ስነዳት መንገዱ ታየኝ።
እስከ ዛሬ መብራቷ የጥድ ጫፍ ነበር የሚፈልገው፤
አሁን አስፋልቱን፣ ጉድጓዱን፣ የጥንቸል ጆሮ።
ኮርቼ ገባሁ። ተኛሁ።

ጠዋት እናቴ ትናንት የለበሰችውን እንደለበሰች
ወንበሯ ላይ ናት።
«የት አደርሽ?»
«እዚሁ እማዬ፣ በአራት ሰዓት ገብቻለሁ።»
«መብራቱ አልመጣም» አለች።

ለካ በመስኮቷ ገብቶ፣ ጣሪያዋን ዞሮ፣
ግድግዳው ላይ የሳን ኢሲድሮን በሬዎች ሲነካ
ያኔ ነበር እንቅልፍ የሚወስዳት፤
በፊት ለሱ፣ ኋላ ለኔ።
ሁለት ጣት ዝቅ አልኩና
ከመስኮቷ ደፍ በታች አለፍኩ።

ሊዮኔልን አልጠራሁትም።
ቁልፉን ይዤ በጀርባዬ ገባሁ፣
ግራውን አንድ ዙር ተኩል መለስኩ፣
ቀኙንም እንዲሁ። ጎማው ትንሽ ይበላ።
ሲሚንቶው ከጎኔ ነው፣ ቀበቶውን አልፈታሁለትም፤
አንዱ ከረጢት ተቀዶ በየጉድጓዱ ያስነጥሰኛል።

አሁን ማታ ስገባ በሩ ጋ ፍጥነት እቀንሳለሁ፣
መብራቱ ተረጋግቶ ጣሪያዋን እስኪዞር።
ሞተሩን አጠፋለሁ። እጠብቃለሁ።
የአልጋዋ ሞላ አንዴ ይጮኻል፣
ከዚያ ዝም።