ሁለት ሰከንድ

የዘጠና አራቷ ፎርድ፣ ቀይዋ፣ ወገቧን ዝገት የበላት፣
አኩርፋለች ዘንድሮ፣ የሳስካችዋን ውርጭ ሲጠናባት።
ቁልፉ ይዞራል፣ ሞተሪኖው ይጮኻል፣
ይጮኻል፣ ይጮኻል፣ ይደክማል።

ባትሪ ነው አልኩ፤ ለወጥኩ።
ሞተሪኖ ነው አልኩ፤ አስፈታሁ፣ አስጠቀለልኩ።
ስምንቱን ካንዴላ፣ ጣቴ ብረቱ ላይ እየተላጠ፣
ነቅዬ ተከልኩ፤ ከኪሴ በቀር ምንም አልተለወጠ።

«ኦረስት፣ የቤንዚን ፖምፓው ይሰማል?» አለኝ ሎይድ በአጥር ላይ።
«ይሰማል እንጂ! ቁልፍ ስከፍት
ሁለት ሰከንድ ዝዝዝ ይልና ዝም፤ እንደ ዱሮው።»
እውነቴን ነው። ሰምቼዋለሁ።

እሑድ የልጄ ልጅ ካሊና መጣች።
ኮፍያዋን አውልቃ በረዶው ላይ ተንበረከከች፣
ጆሮዋን ሰርባቶዮው ሥር ደቅና «ክፈት» አለች።
ከፈትኩ።
«እንደገና።»
ከፈትኩ።
ቀና ብላ አየችኝ፤ ልትነግረኝ ሳሳች።

ስንት የበረዶ ወራት ይሆን
ትዝታዬ በጆሮዬ ሲያወራ የከረመው?
ባለፈው ሳምንት ውሻው ጮኸ ብዬ በር ከፍቻለሁ፤
ውሻው ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው።

ጌጁን ከቤንዚን መስመሩ ገጠምን። ዜሮ።
ካሊና የጎማ መዶሻ አንስታ
ሰርባቶዮውን ከሥሩ ሁለቴ መታ መታ፤
ቁልፉን አዞርኩ፤
ቀስቷ እንደ ደነገጠች ወፍ ተነሳች፤
አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ አምስት። ቆመች።
መሪው እጄ ውስጥ ተንቀጠቀጠ።

«ሰማኸው?» አለች፤ ከከንፈሯ አነበብኩት።
«አየሁት» አልኳት።

ሰኞ አዲስ ፖምፓ አዘዝኩ።
ስለ ጆሮዬ ገና አልወሰንኩም።