አንድ ተሳፋሪ

ስሟ ጀልባ ማለት ነው፤ ወንዝ ግን የላትም፤
ወንዞቿን ከአስፋልት ሥር ቀብራለች፣ አታነሣቸውም።
ውጅ ይሏታል፣ የፖላንድ ከተማ፤
ድሮ ጥጥ ፈታይ፣ ድሮ ባለ ሸማ።

የእኔ ሥራ ቆጠራ ነው፦
እርሳስ፣ ሰሌዳ፣ የኋላ ወንበር፤
ስንቱ ወጣ፣ ስንቱ ወረደ፣ በየትኛው በር።

ስልሳ አራት ቁጥር አውቶቡስ
ሌሊት አስራ አንድ ከሩብ ላይ ይነሣል፤
ድሮ ጡሩምባው ሳይነፋ ሠራተኛውን
ፋብሪካው በር ላይ ያደርሳል።
ጡሩምባው ዝም ካለ ሠላሳ ዓመት ሆነ፤
ማጉ ተበጠሰ፣ ድሩ ተበተነ፤
ፋብሪካው ዛሬ ውድ አፓርታማ ነው፣ ሊፍት ያለው፣ ግንቡ የጥንት ሸክላ፤
ነዋሪው በመኪናው ይወጣል፣ ያውም ከሦስት ሰዓት በኋላ።
አውቶቡሱ ግን እንደለመደ
ማንም ሳይጠራው ሄደ፣ ሄደ።

ሹፌሩ ቦጉሚል፣ ጢሙ እንደ ብሩሽ የቆመ፣
በመስተዋቱ አይቶኝ አንድ ቀን አጉረመረመ፤
"ጻፊ እንግዲህ። እኔ የምነዳው ወንበር ነው፤
ሰው ከፈለግሽ፣ ሌላ ቦታ ነው።"

በእረፍት ቀኑ፣ በራሱ አሮጌ መኪና
ሌላ ቦታውን ወስዶ አሳየኝ፤
ከአውራ ጎዳናው ማዶ
መስኮት የሌላቸው መጋዘኖች፣ እያንዳንዱ ሜዳ የሚያህል፣
ጫማ፣ ስልክ፣ የውሻ ምግብ፣ በካርቶን የሚጠቀለል።
ከሌሊቱ አስር ሰዓት፣ ፈረቃ ሊለወጥ ሲል፣
በጭቃው ዳር ሰዎች መጡ፤
አንጸባራቂ ሰደርያ፣ በየእጃቸው የስልክ መብራት፣
እንደ መቁጠሪያ ዶቃ አንዱ ካንዱ ኋላ።
ሶሎሚያ ከካርኪቭ፣ ቴንጊዝ ከኩታይሲ፣
ሌሽካ የዚሁ ሰፈር ልጅ።
"ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳላችሁ?" አልኩ።
"እንደ ጫማው ነው" አለች ሶሎሚያ።

ሰሌዳ አልያዝኩም ነበር፤
በጣቴ ቆጠርኩ፣ ጣቴ አለቀ፣
እንደገና ጀመርኩ።

ቢሮ፣ አለቃዬ ወይዘሮ ዲዮኒዚያ
መነጽሯን አወለቀች፤
"አዲስ አውቶቡስ የለም፣ አዲስ ሹፌር የለም፤
ካንዱ ቀምተሽ ላንዱ ነው" አለች።
"ስልሳ አራትን።"
መዝገቡን ገለጠች። "ፋብሪካው በር ላይ
በጋ አንድ፣ ክረምት አንድ፣ በበረዶ አንድ።
እሱስ?"

ቁጥሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ፤
ፊቱን ግን ቀና ብዬ አላየሁም።

በማግስቱ ከጎኑ ተቀመጥኩ፤
ሂፖሊት ይባላል፣ ሸማኔ የነበረ፣
ጆሮውን የሽመና ማሽን የበላው።
"ወዴት ይሄዳሉ?" አልኩት ጮክ ብዬ።
"የትም። በሩ ድረስ ሄጄ በዚሁ እመለሳለሁ፤
ባዶውን ከሄደ ይሰርዙታላ!
ለሰዎቹ ይቆይ ብዬ ነው።"
"ለየትኞቹ ሰዎች?"
ዙሪያውን አየ፦ ወንበር፣ ወንበር፣
የቦጉሚል ማጅራት፣ እኔ።
ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ።

ስለ ጭቃው ነገርኩት፣ ስለ መብራቱም፤
የሱ አንድ እነዚያን ሁሉ በእግር እንዳስኬደ
አልነገርኩትም።
ግን ገባው። ሸማኔ ነው፤
አንዱ ክር ሲጠብቅ
ሌላው የት እንደሚላላ ያውቃል።

በመጋቢት ስልሳ አራት አቅጣጫ ቀየረ፤
አሁን ዘጠኝ ተኩል ላይ ይነሣል።
በመጀመሪያው ሌሊት ሠላሳ ሰባት ቆጠርኩ፤
ወለሉ ጭቃ ሆነ ብሎ ቦጉሚል ተሳደበ፤
እንዲህ ደስ ብሎት ሲሳደብ ሰምቼው አላውቅም።
ሶሎሚያ መስኮቱን ተደግፋ ተኛች፣
አፏን ከፍታ፣ ሰባት ፌርማታ ሙሉ።

ሂፖሊት አልመጣም።
በሰሌዳዬ ላይ ለቀረ ሰው የሚሆን ረድፍ የለም፤
ከጠርዙ ላይ፣ ከመስመሩ ውጪ፣
አንድ ጭረት አኖርኩ።